ሰብለ ማስኳን ያወረደች ዕለት

ንስሐ ስገባ አባ ሦስት ጊዜ «ሌላስ ልጄ?» ብለውኛል፤ ሦስት ጊዜም ሌላ ነገር ነግሬአቸዋለሁ። አንዴ ሐሜት አልኩ። አንዴ ጾም መግደፌን ነገርኳቸው። አንዴ ደግሞ የማዳምን ሽቶ ሳላስፈቅድ መቀባቴን እንደ ትልቅ ወንጀል አውጥቼ አለቀስኩበት፤ አባም አዝነውልኝ ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ዋናውን ግን ዋጥ አድርጌ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እናቴ አታውቀውም። ባሌ አያውቀውም። ስለ ሰው ሁሉ ስናወራ የምንውለው የሻርጃ ጓደኞቼም አያውቁትም። ይህን የምታነቡ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ፤ እባካችሁ ቶሎ አትዘኑልኝ። የሰው ሐዘኔታ ማግኘት ድሮም አያቅተኝም።

ያደረግኩት ይህ ነው፦ የጠፋችብኝን ሕፃን ያገኘችልኝን ሴት በሐሰት ከሰስኩ፤ ከእንጀራዋም አፈናቀልኳት። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልመከረኝም። ሴትዮዋ ሰብለ ትባላለች። ስለ እሷ ለመናገር ብዙ ቃል አለኝ፤ ሥራውን እንደ እሷ የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለ ራሴ ግን ያችው አንዷ ቃል ትበቃኛለች፤ ዋሸሁ።

ጊዜው የኮሮና ነው። የምሠራው ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣ አንድ ረጅም ሕንፃ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ በመኪና ጡሩምባ የሚያደነቁረን የዱባይ መንገድ በዚያ ሰሞን ጭር ብሎ፣ ሊያን መስኮት ላይ ተለጥፋ የምትቆጥረው መኪና ታጣ ነበር። ሊያን የማዳም ልጅ ናት፣ አምስት ዓመቷ። ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ስትወድቅ አባብላታለሁ፣ ስትፈራ እቅፍ አደርጋታለሁ፣ ስትተኛም እግሯን ካልያዝኩላት አትተኛም። በዚያ ቤት ሌላ ሰው የማዳም አማት ነበሩ። አሮጊቷ ሳንባቸው ታሞ በኦክስጅን ስለሚተነፍሱ ኮሮና እንዳይገባባቸው ቤቱን ሙሉ ቀን በክሎሪን ስንወለውል እንውላለን።

ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን አሁኑኑ ልበለውና ይገላግለኝ። ከምትበላው አብልታኛለች፣ ስታመም ሐኪም ቤት ወስዳኛለች፣ በስሜ ነው የምትጠራኝ። ያላት አንድ ክልከላ ስልክ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ስልክ ላይ ተጥዳ ሊያን ከአልጋ ወድቃባታለች፤ ስለዚህ «በቤቴ ሠራተኛ ስልክ አትይዝም፣ ኸላስ፣ አለቀ» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። በየሳምንቱ ዓርብ በራሷ ስልክ እናቴን ታገናኘኛለች። እኔ ግን ምን አደረግኩ? አጅማን የምትኖረው ጓደኛዬ ሙሉ ያቀበለችኝን ትንሽ ስልክ ካልሲዬ ውስጥ ደብቄ መኖር ጀመርኩ። ስልኳ ባትኖር እሞት ነበር? አልሞትም። ግን የራሴ የምለው አንድ ነገር እሷ ብቻ ነበረች፤ እንዳላጣት ስል ያላሰብኩትን ሁሉ ሆንኩ።

መጫወቻዎቹ ተዘግተው ከርመው ሲከፈቱ ሊያን አንድ ሳምንት ሙሉ አላስተኛ አላስቀምጥ አለች። በመጨረሻ ማዳም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዱባይ ውስጥ ጣሪያ ካለው አንድ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ አደረሰችን። እሷ ቢሮዋ የምትጨርሰው ሥራ ነበራት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልትወስደን። ፓርኩ የሰማሁትን ያህል ነበር፤ ባቡር፣ የሚሽከረከር ስኒ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ተንሸራታች። በር ላይ ግንባራችንን ለኩ። መሬቱ ላይ የት የት እንደምንቆም በተለጠፈ የእግር ምልክት አሳዩን። ከዚያ አንዲት ልጅ የወረቀት አምባር አወጣችና የወላጅ ስልክ ቁጥር ጠየቀችኝ፣ የሊያን እጅ ላይ ልታስር።

የእኔን ብሰጥ ማዳም የሕፃኗ እጅ ላይ ታየዋለች። የማዳምን ብሰጥ ሕፃኗ ባነጠሳት ቁጥር ይደውሉላታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የማዳምን ቁጥር ሰጠሁና የመጨረሻውን ሰባት አንድ አልኩት። ልብ በሉ፣ ልጅ ቢጠፋ ይገኝበት ዘንድ የሚታሰር አምባር ነው። በገዛ አፌ አበላሸሁት። ልጅቷም በማታውቀው ቁጥር ላይ አበባ ሥላ አሰረችላት፤ ሊያን ደስ ብሏት እጇን እያወዛወዘች ገባች።

እንዴት ጠፋች ብትሉኝ፣ ስኒው ላይ ለመውጣት ሰልፍ ይዛ ሳለ ካልሲዬ ውስጥ ስልኬ ነዘረኝ። ሙሉ ነበረች። «አንድ ደቂቃ» ብዬ ከፕላስቲክ ዛፍ ጀርባ ዞርኩ። ስለ ምን እንደምናወራ ልንገራችሁ? ቤተሰብ የታመመብኝ፣ ክፉ ወሬ የሰማሁ ቢመስላችሁ ለእኔ በተመቸኝ ነበር። ስለ ጫማ ነው ያወራነው። ሙሉ የገዛችው ጫማ አንዱ እግር ከሌላው ይጠባል፣ ሻጩን እንዴት እንደሰደበችው ትነግረኛለች፣ እኔ እስቃለሁ። ስቄ ስቄ ቀና ስል ሊያን የለችም።

በየጥቂት እርምጃው አረንጓዴ ቲሸርት የለበሰ ሠራተኛ ቆሟል። «ልጅ ጠፋብኝ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። እኔ አላልኩም! ብናገር ማዳም ትጠራለች፣ ማዳም ብትጠራ ስልኩ ይመጣል ብዬ በአጠገባቸው እንደ ተዝናና ሰው እየተራመድኩ አለፍኩ። ከጠረጴዛ ሥር፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ ከመጸዳጃ ቤት በር እያየሁ ሃያ ደቂቃ ብቻዬን ዞርኩ። ሃያ ደቂቃ ለአምስት ዓመት ልጅ ስንት ነው? ያን ጊዜ አልጠየቅኩም፣ ዛሬ ግን በየቀኑ እጠይቃለሁ።

እኔ ስዞር የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። የእኔ ዩኒፎርም ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ኮሌታ ያለው ነው፤ ማዳሞች ሁሉ ከአንድ ሱቅ ስለሚገዙት በዚያ ቀን እንደ እኔ የለበስን ሞግዚቶች ብዙ ነበርን። በዚያ ላይ ሁላችንም ማስክ አድርገናል። ሊያን አንዷን ተከትላ ሄደች፣ ቀሚሷን ያዘች፤ ሴትዮዋ ዞር ስትል ዓይኖቿ የእኔ አይደሉም። ልጄ ጮኻ ሮጣ ፈንዲሻ ከሚሸጥበት ጎን አንድ አግዳሚ ወንበር ሥር ገባች።

መጀመሪያ ያያት አንድ ኔፓላዊ ጠራጊ ነበር። አልነካትም፣ አልጎተታትም። መጥረጊያውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ከእሷ ራቅ ብሎ ቁጭ አለና በሬዲዮው ጠራ። የጠፋ ልጅ መጀመሪያ በተገኘበት ቦታ ይጠበቃል፣ የጠፋበት ሰው ወደዚያው ይመለሳልና። ስሟንም በድምፅ ማጉያ አይጠሩም፤ ስሟን ከሰማ ማንም ሰው መጥቶ «ሊያን ነይ» ሊላት ይችላልና። በየበሩ የቆሙት ብቻ በሬዲዮ ይነገራቸዋል፣ ልጅቷ እንደገና ብትሮጥ እንዳትወጣ የሚወጣውን ልጅ ሁሉ ጫማ ያያሉ። ልብስ ይቀየራል፣ ጫማ ግን ቶሎ አይቀየርም። ይህን ሁሉ ልጅቷን ሳያንቀሳቅሱ፣ ሳይጮኹ፣ የሌላውን ልጅ ጨዋታ ሳያደፈርሱ ነው የሚሠሩት። እኔ በአጠገባቸው ሳልፍ ዓይናቸው የልጆች እግር ላይ ነበር፤ እኔ ሞኟ ቁልቁል ሲያዩ የደከማቸው መስሎኝ ነበር።

ሰብለ የመጣችው ያኔ ነው። የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ ናት፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሆቴል ሥራ ተምራ የመጣች፣ ከእኔ ስድስት ሰባት ዓመት የምትበልጥ። አምባሩ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች፤ አንድ ሰውዬ «ልጅ የለኝም» ብሎ ዘጋባት። ሊያን በአረብኛ ቢጠይቋት አትመልስም፣ በእንግሊዝኛ ቢጠይቋት አትመልስም። ሌላ ሰው ቢሆን አቅፎ ወደ ቢሮ ይወስዳት ነበር። ሰብለ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ አዳመጠች። ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ ለራሷ አንድ ነገር ታጉተመትማለች። ሰብለ ጆሮዋን አዘነበለች።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ» ነው የምትለው።

እኔ የማባብላትን እሷ ራሷን ታባብልበት ነበር። እኔ ካልሲዬን እጠብቃለሁ፣ እሷ በእኔ ቃል ራሷን ታጽናናለች። ሰብለ ግን ወዲያው ገባት፤ የሚፈለገው እናት ሳይሆን ሞግዚት ነው፣ ሞግዚቷም ሐበሻ ናት። ሁሉም እናት ሲፈልግ ቆይቶ ነበር። ሊያንን በአማርኛ «ነይ» ብላ አስነስታ፣ መቀበያው አጠገብ ወዳለው ክፍል ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር አስገባቻትና ራሷ ሰማያዊ የለበሱትን ልትፈልግ ወጣች።

እኔን ያገኘችኝ መጽሐፍ መሸጫው ጋ፣ ጎንበስ ብዬ መደርደሪያ ሥር ሳይ ነው።

«እህቴ፣ ልጅ ጠፍቶብሽ ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ ምንም አልጠፋብኝም» አልኳት።

ተመልከቱኝ እንግዲህ! ልጄን ካድኳት። ሰብለ አላፋጠጠችኝም፣ «ውሸታም» አላለችኝም። ላቤን አይታለች፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታለች።

«እንግዲያው ትብብር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «አንዲት ቢጫ ጫማ ያደረገች ልጅ አለችን፣ አማርኛ ትሰማለች። ነይና አብረን እናባብላት።»

የሚያዋርደኝን ጥያቄ ትታ በክብር የምገባበትን በር ከፈተችልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ማን ያስተምራል? ዛሬ ራሴ ከልጆች ጋር ስለምሠራ አውቀዋለሁ፤ የጠፋ ልጅ ካለ የጠፋ ትልቅ ሰውም አለ፤ ሁለቱንም ነው መፈለግ። ተከተልኳት።

ክፍሉ ውስጥ ሊያን ጥግ ይዛለች። እኔና ሰብለ፣ ሁለታችንም ማስክ አድርገን ስንገባ ጩኸቷን ለቀቀችው። ያን ቀን ሁሉም ፊት ጨርቅ ሆኖባት ነበር፤ አንዴ እኔ መስላት ተታላለች፣ ሁለተኛ አትታለልም። ስሟን ብጠራም ከጩኸቷ በላይ ድምፄ አልተሰማም። ሰብለ እጇን ዘርግታ አቆመችኝ። ከዚያ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች፣ እያየኋት ስድስት እርምጃ፣ ጀርባዋ ግድግዳ እስኪነካ። ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች። ፈገግ አለች። አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ከዚያ መለሰችው። ሊያን ጩኸቷን ገታ አደረገች።

«አንቺም እዚያው ባለሽበት ቁሚና አውርጂ፣ ፊትሽን ትይ» አለችኝ።

አወረድኩ። ሊያን «የሺ!» ብላ መጥታ ወገቤ ላይ ተጠመጠመች።

በዚያ ዘመን ሠራተኛ ሥራ ላይ ማስክ ማውረድ ምን እንደሆነ የነበራችሁበት ታስታውሳላችሁ። ቅጣት አለው፣ ማስጠንቀቂያ አለው። ሰብለ ደንቡን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ የሄደችውም ስለምታውቀው ነው። ለአንዲት የማታውቃት ሕፃን የሰው ፊት ለማሳየት ብላ፣ በልኩ፣ በርቀቱ፣ በትንፋሽ ጣሰችው። እዚያ ቆሜ አደነቅኳት። አደነቅኳት እኮ! ከዚያ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያንኑ ያደነቅኩትን ነገር ወስጄ ወጋኋት።

ሊያን እኔን ብታቅፈኝም ሰብለ ዝም ብላ አላስረከበችኝም። የሊያንን ልደት፣ የምትፈራውን፣ የምትተኛበትን አሻንጉሊት ስም ለየብቻችን ጠየቀችን፤ አንድ ሲሆንላት ነው የፈረመችልኝ። ከዚያ ወደ አምባሩ መጣች። እውነቱን ነገርኳት፤ የካልሲዬን ስልክ፣ ሰባቱን፣ ሙሉን፣ ሁሉን። ሳቀች እንኳ፣ በጫማው ወሬ።

«ሪፖርት ሳልጽፍ አልቀርም፣ እናቲቱንም መጥራት አለብኝ፣ ሥራዬ ነው» አለችኝ። «ስለ ስልክሽ ግን ‹ቁጥር ተሳስቶ ተመዝግቧል› ብዬ አልፈዋለሁ። ማዳምሽ ስትመጣ አንቺው ንገሪያት። እኔ ከጎንሽ ቆማለሁ።»

ማዳም እየሮጠች መጣች። ሻርፏ ከራሷ ወርዷል፣ ሊያንን አነሳቻት፣ እግሯን እጇን አገላብጣ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የሺ፣ አንቺ የት ነበርሽ?»

ይህቺን ብቻ ነው የጠየቀችኝ። አልጮኸችም። ሰብለ ቃሏን ጠብቃ ከጎኔ ቆማለች። «ስልክ እያወራሁ ነበር ማዳም» ማለት ነው። አምስት ቃል አይሞላም! አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር። «እዚሁ ነበርኩ፤ ይቺ ሴትዮ ነች ልጅቷን ያቆየቻት። ማስኳን አውልቃ አቀፈቻት፣ ሳመቻት» አልኩ።

ሳመቻት። ይህን ቃል ከየት አመጣሁት? ከየትም አይደለም፣ ከራሴ ነው። ማዳም የምትፈራውን አውቃለሁ፤ ቤት ውስጥ በኦክስጅን የሚተነፍሱ አሮጊት አሉ፣ ሊያን ከእሳቸው ጭን አትወርድም። የት እንደምነካት አውቄ ነካኋት። ማዳም ፊቷ አመድ መሰለ፤ እኔ የት እንደነበርኩ መጠየቋን እዚያው ረሳችው። የፈለግኩትም ይህንኑ ነበር።

ማኔጀሩ ተጠራ። ረጋ ያለ ሰው ነው። ሰብለን «ማስክሽን አውርደሻል?» አላት። «አውርጃለሁ» አለች። «ልጅቷን ስመሻል?» «አልሳምኳትም፤ ማስኬን አውርጄ አልቀረብኳትም።» ያቺ ባልደረባዋ እኛ እንደገባን ወጥታ ስለነበር ሌላ ምስክርም፣ ክፍሉ ውስጥ ካሜራም የለም። ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ አይተሻል?»

«ዋላሂ አይቻለሁ» አልኩ።

በማርያም ወይም በሚካኤል ብምል አፌ ይያዝ ነበር። የክርስቲያን ልጅ ነኝ፣ ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። በአረብኛ ስምል ግን ያልማልኩ መሰለኝ፤ የሥራ ቋንቋ ነው፣ ቶሎ በይ ለማለት እንደ «ያላ»፣ ሥራ ለማለት እንደ «ሹግል»፣ ከአፍ የሚወጣ ከልብ የማይገባ። እዚህ አገር ስንቶቻችን እንዲህ አድርገን ምለናል! የሰው ቋንቋ ተውሼ ፈጣሪን ያታለልኩ መስሎኝ ነበር። የሰማኝ ግን ያው አንዱ ነው።

ሰብለ እጇ ላይ ሪፖርቱ ነበር። ቁጥሩን ማሳየት ትችላለች። «ልጅቷን ጥላ ስልክ ስታወራ ነበር፣ ካልሲዋን ፈትሹ» ማለት ትችላለች። አየችኝ። ረጅም አየችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ ያዘችውና ለማዳም «ልጅዎ ጤነኛ ነች፤ ውሃ ብዙ አጠጧት፣ ዛሬ ብዙ አልቅሳለች» አለቻት።

መኪና ውስጥ ማዳም እኔን ታጽናናኝ ነበር። «አንቺም ደንግጠሻል የኔ ልጅ» ብላ መንገድ ላይ አቁማ ለሊያንም ለእኔም ጭማቂ ገዛችልን። ጠጣሁት። ስልኬ ካልሲዬ ውስጥ ደህና ነበረች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሙሉ ደወለችልኝ። አጅማን እሷ ያለችበት ሕንፃ አንዲት ሐበሻ ቢድ ስፔስ፣ ማለት በጋራ ክፍል አንድ አልጋ፣ ይዛ እንደገባች፣ መዝናኛ ፓርክ ትሠራ እንደነበር፣ በዚያ ሰው በሚቀንሱበት ሰሞን አንዲት ቀጣፊ ሞግዚት በሐሰት መስክራባት እንደተባረረች ነገረችኝ። ሙሉ ያቺን ሞግዚት ረገመቻት። እኔም አብሬ ረገምኳት። «እንዲህ ያለችውንስ እግዜር ይይላት» አልኩ፣ ድምፄ እንኳ አልተሰበረም።

ብዙም ሳይቆይ ማዳም ስልኬን አገኘችው። የልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከካልሲ ጋር ገብቶ ሲንኳኳ እሷ ናት ያወጣችው። ማዳም ስልኩን በፎጣ አደረቀችና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «በዚህ ዘመን ሰው ከእናቱ ርቆ ያለ ስልክ አይኖርም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ግን ሊያን ነቅታ ሳለ አትንኪው፣ ኸላስ?» አለችኝ። የቤቱን ዋይፋይም ራሷ አስገባችልኝ።

ሰብለን የሸጥኩበት ነገር ይኸው ነበር።

የመጀመሪያውን ክትባት ተከትበን ማዳም ዓርብ እንድወጣ የፈቀደችልኝ ቀን አጅማን ሄድኩ። ሁሉን ልናገር ነው የሄድኩት፤ አውቶቡስ ውስጥ በቃሌ አጠናሁት። ሰብለ በመጋረጃ የተከፋፈለ ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ ሻንጣ ታስር ነበር። ሥራ አጥታ ቆይታ፣ ቪዛዋ አልቆ ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ነው። ያን ቀን ፊቴን ያየችው አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነበር፤ ማስክ እንዳደረግኩ በዓይኔ አወቀችኝ።

«ልጅቷ እንዴት ናት? ማስክ ያደረገ ሰው አሁንም ትፈራለች?» አለችኝ። ከሁሉ በፊት ይህን ነው የጠየቀችኝ። አትፈራም አልኳት። ተመስገን አለች፣ ከልቧ። አልጋዋ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ሰብለ፣ እኔ ያን ቀን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይው፣ አውቃለሁ» አለችኝ እጄን ይዛ። «ያን ቀን ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ስትንቀጠቀጪ አይቼሻለሁ። ማዳምሽ ትመታሻለች፣ አይደል?»

እኔ፣ በቃሌ ያጠናሁት ሁሉ እያለኝ፣ አንገቴን ደፋሁ። እሱ አልበቃኝም፤ የዩኒፎርሜን እጅጌ ወደ ታች ሳብ አደረግኩት፣ የሚደበቅ ነገር እንዳለው ሰው። ሰብለ አለቀሰች። ነገ የምትሳፈር፣ በእኔ ምክንያት የምትሳፈር ሴት፣ ለእኔ አለቀሰች። የምትጠጊበት ቦታ አለ ብላ ስልክ ቁጥር ጻፈችልኝ፤ ማን ጋ ብደውል እንደሚሻል፣ ፓስፖርቴን እንዴት እንደምጠይቅ፣ አንድ በአንድ፣ ልክ ሊያንን ስትፈልግ በነበረችበት ጥንቃቄ አስረዳችኝ። ስወጣ በር ላይ አቀፈችኝና «ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺን ብሆን እኔም እንዲሁ ባደረግኩ» አለችኝ።

ዛሬ ሻርጃ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የልጆች መጫወቻ ላይ እሠራለሁ። ማዳም ናት ከዚህ አገር ስትሄድ ደብዳቤ ጽፋልኝ ያስገባችኝ። ልጅ ሲጠፋ እኔን ይጠሩኛል። ከሩቅ ቁጭ እላለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ጫማቸውን አያለሁ፣ የጠፋባቸውን ሰዎች ሳላሳፍር አስገባለሁ። ወላጆች ያመሰግኑኛል፣ አለቃዬ «ይህን የት ተማርሽ?» ይለኛል። ራሱ ይመጣልኛል እለዋለሁ። አያችሁ? አሁንም።

የሰብለን ቁጥር ስንት ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ አይሠራም። ቢሠራ እንኳ እንደምናገር እርግጠኛ አይደለሁም፤ አንዴ ፊቷ ተቀምጬ አልተናገርኩምና። ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፣ ምክንያትም አልደረድርም። እሷ ይቅር ያለቻት ሞግዚት የምትደበደብ፣ የተጨነቀች፣ መውጫ ያጣች ልጅ ነበረች። እንዲህ ያለች ልጅ እዚህ አገር ብዙ አለች፣ ይቅርታውም ለእሷ ይገባል። እኔ ግን አይደለሁም።

ሰብለ፣ ይህ ከደረሰሽ፣ ማዳም አንድም ቀን መትታኝ አታውቅም።